ቀድሞ የተቀመጠው ሽማግሌ

ሰው በሌብነት ይታማል፣ በውሸት ይታማል፣ በሚስቱ ላይ ሌላ አመጣ ተብሎ ይታማል። እኔ በመቀመጥ የታማሁ ሰው ነኝ። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ፣ ሶፋ ላይ በመቀመጡ ብቻ ስሙ የጠፋ ሰው ፈልጉ ብትባሉ ከእኔ ሌላ አታገኙም። ወላሂ እያጋነንኩ አይደለም። ትንሽ ባጋንንም፣ ግራ ጉልበቴ ያመጣብኝን ጣጣ ስትሰሙ አውፍ ትሉኛላችሁ።

ከድር የወንድሜ ልጅ ነው። አባቱ የሞተው እሱ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነውና እኔና ባለቤቴ ዘይነብ አሳደግነው። አባ ነው የሚለኝ። አሁን እኔ ጡረታ በወጣሁበት የጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ይህ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ከእኔ ምንም ጠይቆ አያውቅም። ጫማው እንኳ ሲያልቅ አይታ የምትነግረኝ ዘይነብ ናት፤ እሱ አፉን አይከፍትም። ታዲያ አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለና፣ "አባ፣ ሀያት የምትባል ልጅ አለች። ቤታቸው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ተነጋግረናል፣ እሷም ወዳለች። ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ" አለኝ። ይህን ብሎ ደግሞ አፈረና መሬት መሬቱን አየ። እኔ ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች።

ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሥራው ከባድ አይደለም። የልጅቷ ቤት ይኬዳል። ግቡ ሲባል ይገባል። ተቀመጡ ሲባል ግን አይቀመጡም። "ጉዳይ አለን፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይባላል። ባለቤቱም እንግዳ ቆሞ እሱ አይቀመጥምና አብሮ ይቆማል። "ኧረ በአላህ ተቀመጡ!" "ኧረ አይሆንም!" እየተባባሉ ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ "እሺ፣ ጉዳያችሁ ይሰማል" ሲባል ሁሉም ይቀመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው። መናገሩን አፈ ጮሌው ይናገረዋል፤ የቀረው ሽማግሌ ሥራ መቆም ነው።

መቆም ደግሞ ለእኔ ምኔ ነው? ሠላሳ ዓመት ሽመና ክፍል ውስጥ ቆሜ የሠራሁ ሰው ነኝ። ችግሩ እነዚያን ሠላሳ ዓመታት ግራ ጉልበቴም አለመርሳቱ ነው። ስነሳ ቋ ይላል፣ ደረጃ ስወርድ ይከዳኛል፣ ሱጁድ ወርጄ ስነሳ አጠገቤ የሚሰግደውን ሰው ትከሻ እየያዝኩ የሰው ሶላት አበላሻለሁ። በራጅ አይተው፣ በአጥንቶቹ መሀል ያለው ልስልሱ ነገር አልቋል ብለውኛል። ይህን ለከድር አልነገርኩትም። ሽማግሌነቱን ለሌላ ይሰጥብኛል ብዬ ፈራሁ። እንግዲህ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው የጀመረው፤ ጉልበቴን ብቻ አትውቀሱ።

ሄድን። እኔ፣ ጎረቤታችን ሼህ ሙሄና አንድ ሌላ የሰፈር አዛውንት። ሚኒባሱ ውስጥ የደረሰኝ የመጨረሻው ወንበር ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ያን ሁሉ ጥምዝምዝ ዳገት እንዲያ ሆኜ ወጣሁ። ደሴ ስንደርስ ስሱን የኮምቦልቻ ልብሳችንን እንደለበስን ብርዱ ጠበቀን። ባጃጁም ሆጤ ውስጥ መንገዱ ድንጋይ ነው ብሎ ከታች አወረደንና ዳገቱን በእግር ተያያዝነው። ቤቱ ስንደርስ ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬን ወጥሮታል።

የሀያት አባት ጋሽ ይመር በር ላይ ተቀበሉን። ረዥም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን አሳምረው የለበሱ ሰው ናቸው፤ በእጃቸው ዱላ ይዘዋል። ፊታቸው ኮስተር ብሏል። አንዴ ወደ ቀኝ እግራቸው፣ አንዴ ወደ ግራ እግራቸው ያዘነብላሉ። እኒህ ሰው ከአሁኑ ቸኩለዋል አልኩ በሆዴ።

"ተቀመጡ" አሉ።

"ጉዳይ አለን፣ ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ሼህ ሙሄ፣ ድምፃቸውን ሞረድ አድርገው።

"ኧረ ተቀመጡ እንጂ።"

"ኧረ አይሆንም!"

ከኋላዬ አዲስ ሶፋ ነበር። ላስቲኩ እንኳ አልተነሳለትም። አላየሁትም ብል እዋሻለሁ፤ ከገባሁ ጀምሮ እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ጋሽ ይመር ለሦስተኛ ጊዜ "ተቀመ..." ሲሉ ጉልበቴ ቋ አለ፣ ላስቲኩ ተንጫጫ፣ እኔም ሶፋው ላይ ተገኘሁ።

ሼህ ሙሄ አፋቸውን እንደከፈቱ ወደ እኔ ዞሩ። ልነሳ ሞከርኩ። ሶፋው ለስላሳ ነው፣ ወደ ውስጥ ሰመጥኩ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ይበልጥ ሰመጥኩ። ላስቲኩ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይንጫጫል። ጋሽ ይመር ለረዥም ጊዜ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ዘፍ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና፣ "እንግዳ ናችሁ ለካ! እኔ ደግሞ ጉዳይ ያላችሁ መስሎኝ!" አሉ። ወደ ጓዳም ጮክ ብለው፣ "ለእንግዶች የሚበላ አምጡ!"

ያ ቀን የበላሁትን ጥብስ ጠላቴ ይብላው። እንዳትሳሳቱ፣ ጥብሱ ግሩም ነበር። ነገር ግን ሼህ ሙሄ "እንግዲህ ጋሽ ይመር፣ የመጣንበት..." ሲሉ፣ "ብሉ እንጂ፣ አልበላችሁም!" ይባላሉ። ትንሽ ቆይተው "እንግዲህ ጉዳያችን..." ሲሉ፣ "ዝናቡ እናንተ ጋ እንዴት ነው?" ይባላሉ። ስለ ዝናብ ነገርናቸው። ስለ ማዳበሪያ ነገርናቸው። ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት ነገርናቸው። ማር መጣ፣ ሻይ መጣ፣ ደግሞ ማር መጣ። አስር ሰዓት ሲደርስ ጠግበን፣ ተከብረን፣ ስለ ጉዳያችን አንድ ቃል ሳንናገር ተሸኘን። እኔን ከሶፋው ያወጡኝ ሁለት ሰዎች ናቸው።

በር ላይ ጋሽ ይመር ወደ እኔ ዞረው፣ "ጉዳይ ያለው ሰው ቆሞ ይናገራል። እርስዎ ጉዳይ ያለዎት አልመሰለኝም። ካለዎት ከወር በኋላ ብቅ ይበሉ፤ ከሌለዎትም ያው እንግዳ ነዎት" አሉኝ።

ከድር ኮምቦልቻ መናኸሪያ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ይጠብቀናል። ፊታችንን አየ። ሼህ ሙሄ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙና፣ "እሱን ጠይቀው፤ የሰው ሶፋ ሲመርቅ ውሎ ነው የመጣ" ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ነገርኩት። የጉልበቴንም ነገር ያኔ ነገርኩት። ቢጮህብኝ እንዴት በተሻለኝ! እሱ ግን ጉልበቴን አየና፣ "ለምን አልነገርከኝም አባ? ይህን ያህል እያመመህ?" አለኝ። ከዚያ "አብሽር፣ አይዞህ" ብሎ ክንዴን ያዘኝ። አብሽር ሊባል የሚገባው እሱ ነበር። ያን ቀን ሌሊቱን ጣራ ሳይ አደርኩ።

ሌላ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ሼህ ሙሄ እምቢ አሉ። "የጋሽ ይመር ቅያሜ በዚህ ሰውዬ ነው። ይህ የተቀመጠው እሱ ራሱ ሄዶ ካልቆመ፣ መቶ ሽማግሌ ቢቆም ዋጋ የለውም" አሉ። እውነታቸውን ነው። እንግዲህ የከድር ትዳር በወር ጊዜ ውስጥ በእኔ ግራ ጉልበት ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ሰፈሩ ተረባረበልኝ። አንዱ ጥቁር አዝሙድ ቀባኝ። አንዱ ዋግምት ይሻልሃል ብሎ ቀንዱን ይዞ መጣ። አንዷ ጎረቤት ሰኞ ገበያ ድረስ ወጥታ ስሙን የማትናገረው ቅጠል አምጥታ አሰረችልኝ፤ ጉልበቴ ለሦስት ቀን አረንጓዴ ሆነ፣ ሕመሙ ግን በነበረበት ነበር። በመጨረሻ ከድር ከፈረቃ ጓደኞቹ ሰምቶ መጣ። ደሴ ፒያሳ ላይ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች፣ በቀጭን መርፌ ጡንቻ ትወጋለች፣ የሥራ ባልደረባው እናት ተሽሏቸዋል አለ።

ሄድን። ክሊኒኩ የት ነው? ሦስተኛ ፎቅ! የጉልበት ሐኪም ሦስተኛ ፎቅ ላይ! አሳንሰር የለ ምን የለ። ያንን ቤት የተከራየ ሰው ጉልበቱ ጤነኛ እንደሆነ እምላለሁ። ደረጃው ሥር ቆሜ ስረግም ከድር ምንም ሳይናገር ጎንበስ አለና፣ "ና፣ እዘልህ" አለኝ። እምቢ አልኩ። ሰው ያየናል አልኩ። "ይየን" አለ። አዘለኝ። ከሥር ካፌ ውስጥ ማኪያቶ የሚጠጣው ሁሉ ስኒውን አስቀምጦ አየን። አንዲት ሴትዮ፣ "መጀን! ለእኔም እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠኝ!" ሲሉ ሰማሁ። እስከ አንደኛው ፎቅ በሀፍረት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ገለጥኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። በልጅነቱ ወባ ይዞት አዝዬው ጤና ጣቢያ የወሰድኩት ልጅ ነው። ትዳሩን ያበላሸሁበት ልጅ ነው።

ባለሙያዋ መዲና ትባላለች። ልጅ ናት፣ የእኔን ከድር ታክላለች። ሽርጥ ይዛችሁ ኑ ተብለን ነበርና ሽርጤን አገለደምኩ፤ እሷም አሳምራ ሸፍናኝ የምትወጋበትን ቦታ ብቻ ገለጠች። ለዚህ አደብዋ ዱዓ አደረግኩላት። ዱዓው ግን መርፌውን እስካወጣች ድረስ ነው የቆየው።

መርፌው ቀጭን ነው፣ የፀጉር ያህል። ዙሪያውን አየሁት። ብልቃጥ የለ፣ ውኃ የለ።

"መድኃኒቱስ የታለ?" አልኳት።

"መድኃኒት የለውም አባባ። መርፌው ራሱ ነው የሚሠራው።"

"አልቆባችሁ ከሆነ ንገሪኝ፣ ልጁ ከፋርማሲ ይገዛል።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እኛ እኮ መርፌ እንወዳለን፤ ክኒን ብቻ ሰጥቶ የሸኘንን ሐኪም ምን ያውቃል ብለን እናማዋለን። የምንወደው ግን ውስጡ ነገር ያለበትን ነው። ቢጫ ከሆነማ እሰየው። በባዶው ተወግቼ ለሼህ ሙሄ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

መዲና ወንበር ስባ ተቀመጠችና በትዕግሥት አስረዳችኝ። "ያለቀውን ነገር ይህ መርፌ አይመልሰውም፣ አልዋሽዎትም። ግን ጉልበትዎ ሲታመም በዙሪያው ያለው ጡንቻ ደርቆ ይቋጠራል፣ እሱም በራሱ ያማል። መርፌው ቋጠሮውን ያላላዋል። ሕመሙ ቀለል ሲልዎ ደግሞ የማሳይዎትን ስፖርት ይሠራሉ። ዋናው እሱ ነው። ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም፤ እንሞክረው።"

ያኔ "እንሞክረው" የሚለው ቃል አስደነገጠኝ። አሁን ሳስበው ግን ለእሱ ነው ይበልጥ የማመሰግናት። ስንቱ ቅጠል የያዘ ሁሉ በሦስት ቀን ትሮጣለህ ሲለኝ፣ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

የመጀመሪያው መርፌ ሲገባ ምንም አልተሰማኝም። "ይኸው ነው?" ብዬ ልቀልድ አፌን ስከፍት መርፌዋን ትንሽ ነቅነቅ አደረገችው። ያ ረቢ! ጭኔ ውስጥ አንድ ነገር ዘለለ። እኔ አላዘዝኩትም፤ እግሬ በራሱ ፈቃድ ተወርውሮ ትሪውን መታው። ጥጡ አየር ላይ ወጣ፣ አልኮሉ የከድር ሱሪ ላይ ተደፋ፣ እኔ በሙሉ ድምፄ "ላ ኢላሃ ኢለላህ!" ብዬ ሸሃዳዬን ያዝኩ።

"በጣም ጥሩ!" አለች መዲና። ስሞት ሰው ጥሩ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጡንቻው እንዲያ ሲዘል ቋጠሮው ተገኘ ማለት ነው አለችኝ። ውጭ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ሁለቱ ሸሃዳዬን ሰምተው ተነስተው ወደ ቤታቸው እንደሄዱ ኋላ ከድር ነገረኝ።

በማግሥቱ ጭኔ በዱላ የተደበደበ ያህል አመመኝ። አንድ ሁለት ቀን ያምዎታል ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ረስቼዋለሁ፣ መርሳትም ፈልጌያለሁ። "ገደለችኝ! በባዶ መርፌ ገደለችኝ!" እያልኩ ስጮህ ዘይነብ "ለሞተ ሰው ድምፅህ ጥሩ ነው" ብላ ሥራዋን ቀጠለች። በሦስተኛው ቀን ለሱብሂ ሶላት ተነሳሁ። ውዱእ አድርጌ ተመለስኩ። ዘይነብ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"ግድግዳውን ረሳኸው" አለችኝ።

እውነትም ረስቼዋለሁ። ዓመት ሙሉ እየደገፍኩት ስሄድ እጄ የነካው ቦታ ቀለሙ ለቋል። ያን ቀን ሳልነካው ሄጄ ሳልነካው መጣሁ። አልሀምዱሊላህ አልኩ። ዘይነብም ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ጭስ ነው አለች። ጭስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከድር የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ፣ ሳይተኛ፣ ደሴ ያወጣኛል። በሁለተኛው ጊዜ ሁለት ፎቅ አዘለኝ። በሦስተኛው አንድ ፎቅ። በአራተኛው በራሴ ወጣሁ፤ እርግጥ ነው በየእርከኑ እያረፍኩ፣ ካፌው ውስጥ ያሉትም "አብሽሩ አባባ!" እያሉኝ። ሕመሙ ድራሹ ጠፋ አልላችሁም። ዳገት ላይ አሁንም ያጉረመርማል። ግን መነጋገር ጀምረናል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ስፖርት አለ። ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ፣ መነሳት። ዘይነብ በተስቢሕ መቁጠሪያዋ ትቆጥርልኛለች፣ ታታልላለችም፤ እኔ አሥር ስል እሷ ገና ሰባት ላይ ናት። መነሳቱን ስችል ወደ መቆም ገባን። ዘይነብ ጋሽ ይመርን ሆና የወጥ ማማሰያ ትደገፋለች፣ እኔ በር ላይ እቆማለሁ።

"ተቀመጡ" ትላለች።

"ጉዳይ አለን፣ ሳይሰማ አንቀመጥም።"

"ምን ጉዳይ?"

"ልጃችሁን ለልጃችን..."

"አልሰጥም!"

"እንዴ! ምነው?"

"ልጁን ያሳደጉት ሰውዬ ቤት ውስጥ አንድ ሥራ አያግዙም፣ የበሉበትን ሳህን አያነሱም ሲባል ሰምቻለሁ። ልጁም ከሳቸው ተምሮ ይሆናል።"

ሳህን ማንሳት የጀመርኩት ያን ሳምንት ነው። ሳህን ይዞ መሄድም ለጉልበት ጥሩ ነው አለች፤ መዲናን ስጠይቃት እሷም አዎ አለች። ተነጋግረው ይሁን አላውቅም።

ወሩ ደረሰ። እነዚያው ሦስታችን ሆጤ ዳገት ላይ ነን። ከድር ከታች ባጃጁ ዘንድ ቀረ። ጋሽ ይመር ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፣ ፊታቸው እንዳለፈው ኮስተር ብሏል። ሶፋው ላስቲኩ ተነስቶለታል። አላየሁትም።

"ተቀመጡ" አሉ።

"ጉዳይ አለን፣ ሳይሰማ አንቀመጥም!" አልኩ እኔ ራሴ። ሼህ ሙሄን አላስነካኋቸውም።

"ተቀመጡ እንጂ።"

"አይሆንም!"

ጉልበቴ ቀጥ ብሏል። ቀጥ ብዬ መቆሜ ራሱ ያስደስተኛል። አፌ ተከፈተ። ስለ ከድር ተናገርኩ። ስለ አባቱ፣ ስለ አያቱ፣ ስለ አያቱ አባት ተናገርኩ። ልጁ እንዴት እንዳዘለኝ፣ ሳይተኛ እንዴት እንዳመላለሰኝ፣ ባጠፋሁበት ቀን እንዴት አብሽር እንዳለኝ ስናገር ድምፄ ተሰበረ፤ ግን አልተቀመጥኩም። "ያለፈው ጥፋት የእኔ ነው፣ አውፍ ይበሉኝ፤ በልጁ ግን አይፍረዱበት" አልኩ። ሰባተኛው ትውልድ ላይ ስደርስ ሼህ ሙሄ ኮቴን ይጎትታሉ። "በቃህ፣ ጉዳያችሁ ይሰማል ካሉን ቆዩ እኮ!"

ዞሬ ጋሽ ይመርን አየሁ። ላብ አጥምቋቸዋል። በሁለት እጃቸው ዱላው ላይ ተንጠልጥለዋል።

"ሰምቻለሁ! ልጅቷንም ጠይቄያታለሁ፣ ወዳለች! ሰጥቻለሁ!" አሉ። "አሁን ኧረ በአላህ ተቀመጥ!"

አንተ አሉኝ። እስከዚያች ቅጽበት እርስዎ ነበርኩ። ተቀመጥኩ። እሳቸውም እንዳለፈው ጊዜ ዘፍ አሉ። ዱዓ ተደረገ፣ ከጓዳ እልልታ ተሰማ፣ ከድርን ሰው ሮጦ ጠራው። እኔ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ ጋሽ ይመር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ጉልበትህን ምን አደረግከው?"

"እንዴት አወቁ?"

ሱሪያቸውን በቀስታ ሰበሰቡት። ቀኝ ጉልበታቸው የእኔን ያለፈ ወር ጉልበት ነው የሚመስለው።

"ያን ቀን የተቀየምኩህ በመቀመጥህ አይደለም" አሉኝ። "ቀድመኸኝ በመቀመጥህ ነው።"

በቀጣዩ ሳምንት ፒያሳ ሄድን። ከድር አማቱን አዝሎ ከፊት፣ እኔ የሰውየውን ዱላ ይዤ በራሴ እግር ከኋላ። ካፌው በሙሉ ቆሞ አየን። ፎቁ ላይ ስንደርስ አማቼ ወደ ውስጥ ገባ፣ እኔ ከተረኞቹ ጋር ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ፣ "መድኃኒቱስ የታለ?" ሲል ሰማሁት። ከዚያ ትሪ ወደቀ፣ ቀጥሎም "ላ ኢላሃ ኢለላህ!" ቤቱን አናጋው። ሁለት ተረኞች ከመቀመጫቸው ተነስተው ወደ ደረጃው አመሩ።

"አብሽሩ፣ አማቻችን ነው፣ ምንም አልሆነም" አልኳቸው። "ተቀመጡ።"

ተቀመጡ። ለእኔም ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። አመሰገንኳቸውና ቆምኩ።